ከመዋኘት በፊት መንሳፈፍ፦ ሕፃናትንና ውኃን ማለማመድ

ልጅዎን ዋና ለማስተማር ወደ ገንዳ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው ይዩት። ውኃ ይጠፋል ተብሎ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞልቶ የተቀመጠ ባልዲ አለ? ጓሮ ክዳኑ የላላ በርሜል? ልብስ ተዘፍዝፎበት የሚያድር ሳፋ? ለሚድህ ወይም ገና «ወፌ ቆመች» ለሚባልለት ልጅ ከሐይቅ ይልቅ የሚያሰጉት እነዚህ ናቸው። በዚህ ዕድሜ የልጅ ጭንቅላት ከቀረው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ያለውን ለማየት ጎንበስ ሲል በግንባሩ ይደፋል፤ ክንዶቹ መልሰው ሊያወጡት አቅም የላቸውም። ባልዲው ደግሞ ውኃ ስላለበት ከብዶ አብሮት አይገለበጥም። አፍና አፍንጫ ለመሸፈን አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይበቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቤት ሥራ ነው። ሳፋና ባልዲ ሥራቸው እንዳለቀ ይደፉ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሳያጠራቅም እንደማይሆንለት የታወቀ ነው፤ እንግዲያውስ ክዳኑ የሚጠብቅ ጄሪካን ከባልዲ ይሻላል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ያስገቡ። ግቢ ውስጥ የተቀበረ የውኃ ማጠራቀሚያ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ካለ ክዳኑ አለመሰንጠቁንና ልጅ ሊያነሣው አለመቻሉን ይዩ። ለግንባታ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በክረምት ደጋግሞ የሚያስጠነቅቅበት ጉዳይ ነው። በአጠገብዎ ካለ ለወረዳው ያመልክቱ፤ እስኪደፈን ወይም እስኪታጠር ድረስ ልጁን ወደዚያ ብቻውን አይልቀቁት። ቤትዎ የራሱ መዋኛ ገንዳ ካለው በአራቱም ጎን ይታጠር፤ አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሩ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ ይሁን። ሦስቱን ጎን አጥሮ አራተኛውን ለሳሎን በር መተው አላጠሩም ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር።

ዋና ምን ያህል ያድናል?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ድሮ ልጅ አራት ዓመት ሳይሞላው ዋና አይማር ይል ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን አቋሙን አለዘበ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ደግሞ ብዙ ልጆች ከአንድ ዓመት ጀምሮ ቢማሩ እንደሚጠቅማቸው አስታወቀ። ከዚያ በፊት በ2009 እ.ኤ.አ. እዚያው አገር የወጣ ጥናት ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተሰጠ መደበኛ የዋና ትምህርት የመስመጥ አደጋን በእጅጉ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ግን ትምህርቱ ከመስመጥ እንደሚያድን ማስረጃ የለም። ሕፃን ከእናት ከአባቱ ጋር ውኃ ውስጥ ቢጫወት ደስ ይለዋል፣ ውኃ ይለምዳል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አይጣልበት። «የስድስት ወር ሕፃን ራሱን እንዲያድን እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ገንዘብዎን ኪስዎ ያቆዩት።

እኔ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሳይፈቀድለት ውኃ እንዳይገባ፣ ድንገት ቢወድቅ ደግሞ በጀርባው ተገልብጦ እንዲንሳፈፍ ወይም ዞሮ ጠርዝ እንዲይዝ። ፍሪስታይሉና እንቁራሪቱ ይቆዩ። ያም ሆኖ ሁለቱን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ እንኳ ያለ አዋቂ አይተውም፤ ልብስና ጫማ ለብሶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ደንግጦ የተማረውን ሊረሳው ይችላል።

እስከ ስድስት ወር፦ ገላ መታጠቢያው ይበቃል

በዚህ ዕድሜ ገንዳ አያስፈልግም። ትምህርቱ ሲታጠብ ነው። ብዙ ቤት ግን ይህ ሰዓት በጥድፊያ ያልፋል፦ ልጁ ያለቅሳል፣ ውኃው አናቱ ላይ ይፈስሳል፣ በፎጣ ይጠቀለላል፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ ይጨምሩበት።

ውኃው ለብ ያለ፣ 37 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ በክርንዎ ይለኩት። የግራ ክንድዎን ከማጅራቱ ሥር ያሳልፉና በጣቶችዎ የወዲያኛውን ብብቱን ይያዙ፤ ቀኝ እጅዎ መቀመጫውን ይደግፍ። ከዚያ ቀስ ብለው ጆሮዎቹ ውኃ ውስጥ እስኪገቡ ዝቅ ያድርጉት፤ ፊቱ ብቻ ከላይ ይቅር። መጀመሪያ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ዓይኑን ፊትዎ ላይ ይተክላል። አያናግሩት አልልም፣ ግን በዝግታ ይሁን፤ ጆሮው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ከቃሉ ይልቅ ፊትዎን ነው የሚያነብበው። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ እግሮቹ ይዘረጋሉ። በጀርባ መንሳፈፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በሁለት ዓመቱ ጀርባዬን አላስነካም ብሎ የሚጮኸው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይህን ያላገኘው ነው።

ቀጥሎ ውኃ ማፍሰስ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይበሉና በትንሽ ኩባያ ከአናቱ ወደ ኋላ ያፍስሱ። ሲለምደው ጥቂቱ በግንባሩ ይውረድ። ወዲያው በፎጣ አይጥረጉት፤ ራሱ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አድርጎ ያራግፈው። ቆጠራውን አይለውጡት፣ ኋላ ገንዳ ውስጥም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ልጁ «ሦስት» ሲባል ውኃ እንደሚመጣ ያውቃልና አፉን ይዘጋል። ስልክ ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ፣ ወጥ ቢያር ሕፃኑን ይዘው ይነሡ። «አንድ ደቂቃ» ብሎ ትቶ መሄድ የለም።

ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲነከር ዓይኑን ከፍቶ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አይተው ይሆናል። ጨቅላ ፊቱ ውኃ ሲነካው ትንፋሹን ለአፍታ የሚይዘው በተፈጥሮ ነው፣ እግርና እጁንም ያንቀሳቅሳል፤ ስድስት ወር ገደማ ላይ ግን ይህ እየጠፋ ይሄዳል። ዋና አይደለም። እየተነከረ ውኃ የሚውጥ ሕፃን ደግሞ በደሙ ያለው ጨው ሊቀጥንበትና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። አይንከሩት፤ ፊቱ ላይ እፍ ብሎ መንከርም ያው ነው።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፦ ገንዳው

ለዚህ ዕድሜ ገንዳው 32 ዲግሪ ገደማ ቢሞቅ ይመረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ችግር ይህ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ግን ከውኃ የወጣን ሕፃን በቅጽበት ያንቀጠቅጠዋል። የሞቀ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ፍል ውኃ የሚጠቀመው የሒልተን ገንዳ ከቀድሞዎቹ ነው። ከመክፈልዎ በፊት እጅዎን ነክረው ይዩ። እንደ ሶደሬና ወንዶ ገነት ባሉ ቦታዎች ፍል ውኃው ከምንጩ አጠገብ ለሕፃን አይሆንም፤ ከገላው ሙቀት በላይ የሞቀ ውኃ ቶሎ ያግለዋል። ረፋድ ላይ ይሂዱ፣ ጥላ ይፈልጉ፣ ቆብና እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስ ያልብሱት፣ ፎጣውን ጠርዝ ላይ ዘርግተው ይግቡ። የተለመደው ዳይፐር ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ የመዋኛ ዳይፐር ይግዙ፤ ይህም ቢሆን ፈሳሽ አይዝም፣ ስለዚህ የሚያስቀምጠው ልጅ ገንዳ አይገባም።

ሲገቡ ደረቱን በደረትዎ አስደግፈው በደረጃው ይውረዱ። ትከሻው ውኃ ውስጥ ይሁን፤ ግማሹ ከውኃ በላይ የቀረ ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ከዚያ ከብብቱ ሥር ይዘው፣ ፊት ለፊት እያያችሁ፣ ወደ ኋላዎ እየተራመዱ ይሳቡት። እግሩ ራሱ መምታት ይጀምራል። ቀጥሎ አናቱን ትከሻዎ ላይ አሳርፈው፣ ጉንጩ ከጉንጭዎ ጋር፣ በጀርባው ያንሳፉት፤ ሁለታችሁም ሰማይ ታያላችሁ። በእጆችዎ ወገቡን ከሥር ይደግፉ እንጂ አጥብቀው አይጭመቁ። አስራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አገጩ ከተንቀጠቀጠ አምስት ደቂቃም ቢሆን ያውጡት።

ከአንድ እስከ አራት ዓመት፦ ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ፈቃድ። ልጁ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ይነክራል፣ እርስዎ «ና» እስኪሉት ይጠብቃል። ሳይጠራ ከገባ በፍቅር ግን ያለ ሳቅ አውጥተው መልሰው ያስቀምጡት። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይስታል፦ ልጁ ዘሎ ሲገባ ያጨበጭባል፣ «ጀግና!» ይለዋል። እርስዎ በሌሉበት ቀን ያው ጀግና ይዘላል። ፈቃድ መጠየቅ ከማንኛውም ዋና በፊት የሚቀመጥ ትምህርት ነው፤ አንድ ቀን እሺ ሌላ ቀን እንቢ አይባልበትም።

ሁለተኛው እፍ ማለት ነው። አፉ ውኃው ጫፍ ላይ ሆኖ አረፋ ያስነሣ፤ ሻማ እንደሚያጠፋ ይንፋ። ወደ ውጭ የሚተነፍስ ልጅ ውኃ አይስብም፣ ትንም አይለውም። ትንፋሹን አምቆ ጉንጩን የሚነፋ ልጅ ግን ሲደነግጥ ወደ ውስጥ ይስባል።

ሦስተኛው መንሳፈፍ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። አናቱ ትከሻዎ ላይ ሲደላደል ወደ መዳፍዎ ያውርዱት፤ አንድ መዳፍ ከአናቱ ሥር፣ ሌላው ከወገቡ። «ሆድህን ለፀሐይ አሳያት» ቢሉት ወገቡን ያነሣል። ልጅ የሚሰምጠው አገጩን ወደ ደረቱ ሲሰበስብና እግሩን ለማየት ሲሞክር ነው፤ ስለዚህ ከአናቱ በስተኋላ ቆመው እርስዎን ሽቅብ እንዲያይ ያድርጉ። ሰውነቱ ሲላላ የወገቡን እጅ ለአንድ ቆጠራ ይልቀቁ፣ መልሰው ይያዙ። ሌላ ቀን ለሦስት። የአናቱን እጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚለቁት። ካለቀሰ ያቁሙና ወደ ትከሻዎ ይመልሱት፤ በልቅሶ የተማረ ልጅ የሚይዘው ፍርሃቱን ነው። አንዳንዱ በሦስት ሳምንት ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል፤ ቀጭኑ ልጅ እግሩ ቶሎ ስለሚወርድ ይዘገያል፣ ምንም አይደለም።

አራተኛው ዞሮ መያዝ። ጠርዝ ላይ ያስቀምጡት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው በእጅዎ ተደግፎ ይግባ፣ ወዲያው ወደ ገባበት ጠርዝ ያዙሩትና እጁን ጠርዙ ላይ ያኑሩለት። ይህን ይደጋግሙት። ጥቂት ከቆየ በኋላ እርስዎ ሳያዞሩት ይዞራል፤ ሲወድቅ ወደ ወደቀበት መመለስ ልማድ ይሆንበታል። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ እጅ በእጅ እያቀያየረ ወደ ደረጃው ይሂድ፣ በክርኑ ተደግፎ ሆዱን ጠርዙ ላይ አድርጎ ይውጣ። መውጣትን የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው፤ ጠርዝ ይዞ መውጣት ያልቻለ ልጅ ግን ሲደክመው ይለቃል።

በሳምንት አንዴ ለሰዓት ከመቆየት ሁለት ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት መሄድ ይሻላል። ክረምቱን ሙሉ ካቋረጡ መስከረም ላይ ከእፍ ማለት ይጀምሩ።

አስተማሪ ሲቀጥሩ መጀመሪያ ከዳር ሆነው አንድ ክፍለ ጊዜ ይመልከቱ። አስተማሪው ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዳር ቆሞ ያፏጫል? አንዱን ሲያስተምር ሌሎቹ የት ናቸው? የሚያለቅሰውን ልጅ ምን ያደርገዋል? ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠትና ደረት መጫን ተምሯል? ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እርስዎ ወይም ሌላው ወላጁ አብሮት ይግባ። «ወርውሩት፣ ራሱ ይወጣል» የሚል ካለ አመስግነው ይሰናበቱ፤ በወንዝ ዳር እንዲህ ተወርውረው የተማሩ አባቶች ታሪኩን የሚነግሩን ስለወጡ ነው።

የሚነፋው ነገር

ክንድ ላይ የሚታሰረው ፊኛና የሚነፋው ቀለበት መጫወቻ ናቸው። ይተነፍሳሉ፣ ይወልቃሉ። ከዚያ የከፋው ልጁን ውኃ ውስጥ ቆሞ እንዲቀር ማስለመዳቸው ነው፤ መንሳፈፍ በጀርባ መጋደም ነውና ያስተማሩትን ያፈርሱብዎታል። አንገት ላይ የሚጠለቀውን ቀለበት ጭራሽ አይግዙ። ላይፍ ጃኬት ሌላ ነገር ነው፤ በጀልባ ለመሄድ ያስፈልጋል። ወደ ጣና ገዳማት ሲሻገሩ ወይም ሐዋሳ ላይ ጀልባ ሲከራዩ ሒሳብ ከመነጋገርዎ በፊት የልጅ ልክ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ካለበሱት በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት፤ አገጩና ጆሮው ውስጥ ከገቡ ሰፊ ነው። በእግሩ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። የልጅ ልክ ከሌለ ልጁ አይሳፈርም።

ሐይቅ ዳር ሌላም ነገር አለ። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንዳለበት ይታወቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆኑ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ። ለሕፃን እግር ማስነከሪያ እንኳ ቢሆን ከመግባትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ።

ማን እያየው ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የሆቴል ገንዳ ዳር ይቀመጡና ይታዘቡ። አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ አያት አለች፣ ቡና ቀርቧል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል፤ ስምንት አዋቂ ባለበት ልጁን ማን እያየው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። መድኃኒቱ በስም መሰየም ነው፦ «ሰላም፣ እስከ አስር ሰዓት አንቺ ነሽ»፣ «እሺ፣ እኔ ነኝ»። የተሰየመው ሰው ስልክ አይነካም፣ አልኮል አይጠጣም፣ ተረኛ ሲቀየር ቃል በቃል ያስረክባል። ዋና ለማይችል ልጅ ደግሞ ከዳር ሆኖ ማየት አይበቃም፤ እጅ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት፣ ውኃ ውስጥ። ይህን ሥራ ለሰባት ዓመት እህቱ ወይም ዋና ለማትችል ሞግዚት መስጠት በእነሱም ላይ መፍረድ ነው። ገንዳው ነፍስ አዳኝ ቢኖረውም እሱ የሁሉ ነው፤ የእርስዎ ልጅ የእርስዎ ነው።

የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አሜሪካዊው ነፍስ አዳኝ ፍራንክ ፒያ እንደገለጸው አፍ ውኃው ጫፍ ላይ ይወጣል ይገባል፣ ለመተንፈስ እንጂ ለመጮኽ ጊዜ አያገኝም፤ ክንዶች ወደ ጎን ውኃውን ይጫናሉ፣ ሰውነት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግር አይመታም። ይህ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢቆይ ነው። የሚንጫጫ ልጅ ድንገት ዝም ካለ ይዩት።

አደጋው ከደረሰ

ዋና የማይችሉ ከሆነ ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይዝለሉ፤ ሁለት ሰው ይሰምጣል። ጋቢ ወይም እንጨት ይዘርጉለት፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን ይወርውሩለት፣ እርዳታ ይጥሩ። ልጁ ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን የለም፤ ውኃ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ትንፋሽ የሚሰጥበት ነው።

ይጥሩት፣ እግሩን መታ መታ ያድርጉ። የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ሌላ ሰው ይደውል፤ ብቻዎን ከሆኑ የስልኩን ድምፅ ከፍተው መሬት ላይ ያኑሩት። በመስመጥ ከትንፋሽ ነው የሚጀመረው። በጀርባው አስተኝተው አገጩን ትንሽ ቀና ያድርጉ፤ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍዎ ሸፍነው፣ ከፍ ካለ አፍንጫውን ይዘው በአፉ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ቀስ ብለው ይተንፍሱበት። የአውሮፓ መመሪያ አምስት፣ የአሜሪካው ሁለት ትንፋሽ ይላል። ከዚያ ደረቱን መሀል ላይ 30 ጊዜ ይጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ ይስጡ፣ ይደጋግሙ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ ለሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ ከበው በአውራ ጣቶችዎ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ ላለው በአንድ መዳፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። እርዳታ እስኪደርስ ወይም እስኪተነፍስ አያቁሙ። ይህ በንባብ ብቻ እጅ አይገባም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣልና ሞግዚቷንም ይዘው ይሂዱ።

ስልክዎ ላይ አሁኑኑ ይመዝግቡ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ውጭ አገር ከሆኑ፦ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ኤምሬትስ 998።

ትንፋሽ የተሰጠው ልጅ ነቅቶ ቢስቅም ሆስፒታል ይሄዳል። ትን ብሎት ብቻ የወጣውን ደግሞ የዚያን ቀንና ሌሊት ይከታተሉት፤ ሳሉ ካልቆመ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ከወትሮው ውጭ ከደነዘዘ ሳያድር ለሐኪም ያሳዩት። ደህና ከሆነ በኋላ ውኃ ቢፈራ አያስገድዱት። ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፣ ጠርዝ ላይ አብረው ይቀመጡ፣ እግሩን ካልነከረም እርስዎ ይንከሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉብኝቶች በዚህ ቢያልቁ ምንም አይደለም።